ቺንጊያውን ማን በላው?



ርእሰ መምህር በዓመቱ መጽሔት ላይ ሲጽፍ ስለ ፈተና ውጤት ወይም ስለ ሥነ ምግባር መሆኑ የተለመደ ነው። እኔ ዘንድሮ የምጽፈው ስለ አንድ ቺንጊያ ነው። የትምህርት ቤታችንን ሜዳ የሚያጭደው አሮጌ ትራክተር በዚህ ዓመት ሦስት ቺንጊያ ተቀይሮለታል። ሁለቱን የቀየረው ከውጭ የተጠራ ባለሙያ ነው፤ ሁለቱም አንድ የዝናብ ወቅት ሳያልፍ ተቃጠሉ። ሦስተኛውን የቀየሩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእጅ ሥራ ክበብ የሚገናኙት ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎቻችን ናቸው። እሱ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ልጆቹን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ተርም በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳቦች ቀርበው ነበር። አንደኛው፣ ትራክተሩ አርጅቷልና ለአሮጌ ብረት ገዢ ይሸጥ፣ ሣሩንም በኮንትራት እናሳጭድ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የዓርቡ ክበብ ቀርቶ ሰዓቱ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይዋል የሚል ነው። በሁለቱም ላይ የምንወስነው በመጪው ዓመት የመጀመሪያ ስብሰባ ነው። የእኔ አቋም ትራክተሩም ክበቡም ይቆዩ የሚል ነው። ምክንያቴን በስብሰባ ላይ በአምስት ደቂቃ ከምናገረው ይልቅ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፈው፣ የሚደግፈኝም የሚቃወመኝም ወላጅ አስቦበት እንዲመጣ ይረዳዋል።

ቺንጊያው ምን ይሠራል?

ትራክተሩን የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ፣ ሞተሩ ከፊት፣ የማጨጃው ምላጭ ከሆዱ ሥር የሆነ፣ ቀለሙ የለቀቀ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። የሞተሩ ዘንግ ወደ መሬት ቁልቁል የተተከለ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ፑሌጃ፣ ማለትም ዙሪያውን ቦይ ያለው የብረት መንኰራኵር አለ። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለው ካምቢዮ ላይም ሌላ ፑሌጃ አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዙሪያው ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ የላስቲክ ቀበቶ ነው። ቺንጊያ የምንለው እሱን ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ ቺንጊያው ከላላ ወይም ከተበጠሰ ጎማው ንቅንቅ አይልም።

የቺንጊያው ቅርጽ በራሱ ትምህርት ነው። ቆርጣችሁ ብታዩት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። እንጨት ፈላጭ የሚጠቀምበትን ሽብልቅ አስቡ። ቺንጊያው ሲወጠር ወደ ቦዩ ይሰምጥና የቦዩን ሁለት ግድግዳዎች ቆንጥጦ ይይዛል። የሚይዘው በጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። ስለዚህ ጎኖቹ ተበልተው ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት ከጀመረ፣ ቺንጊያው ባይበጠስም ዕድሜው አብቅቷል ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ትራክተር ላይ ቺንጊያው ሁለተኛ ሥራም አለው፤ ፍሪሲዮኑም እሱ ነው። በመንገዱ መካከል በሞላ የሚሳብ መወጠሪያ ፑሌጃ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ መወጠሪያው ይሸሻል፤ ቺንጊያው ይላላል፤ ሞተሩ እየዞረ ትራክተሩ ይቆማል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላው መወጠሪያውን ይመልሰዋል፤ ትራክተሩም ይንቀሳቀሳል። ትራክተሩ በተነሣ ቁጥር ቺንጊያው ለጥቂት ጊዜ ብረቱ ላይ ይንሸራተታል። ለዚህ ሥራ የሚመረተው ቺንጊያ መንሸራተቱን እንዲችል በጨርቅ የተሸፈነ፣ ውስጡም በጠንካራ ክር የተገመደ ነው። የመኪና ቬንቲሌተር የሚያዞረው ቺንጊያ ግን ሁልጊዜ ተወጥሮ ነው የሚሠራው። በርዝመትና በስፋት ቢመሳሰል እንኳ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ አይቆይም።

ሁለቱ የተቃጠሉት

የሜዳችን ሣር ኪኩዩ የሚባለው ነው። የዚሁ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ሲሆን ከዚህ ተወስዶ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ለግጦሽና ለሜዳ ተተክሏል። መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር የሚሰድ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የሚነጠፍ ኃይለኛ ሣር ነው። በናይሮቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረጅሙ ዝናብ ሁለት ሳምንት ሳይታጨድ ከቆየ ኳስ አያንከባልልም። ትራክተሩ የሚደክመውም ያን ጊዜ ነው።

ዘንድሮም በዝናቡ መካከል ትራክተሩ ሜዳው ላይ እየሄደ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ሲደርስ መቆም ጀመረ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። የተጠራው ባለሙያ መጣ፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ አስገባ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሽታ ተመለሰ። ባለሙያውም ተመልሶ ያንኑ ሥራ ደገመ። ሁለተኛው ሲቃጠል ነው የክበቡ መምህር «ይህን ለልጆቹ ስጡኝ» ያሉት።

ልጆቹ መጀመሪያ ትራክተሩን አልነኩም። የተቃጠለውን ቺንጊያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጎኖቹ ትንሽ ከማብረቅረቃቸው በቀር ደህና ነበሩ። ጀርባው ግን ከስሎ፣ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ነበር። ይህን ጊዜ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ጀርባውን የሚነካው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የጥገናው ግማሽ ያ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ትላልቅ ፑሌጃዎች ቺንጊያውን የሚነኩት በጎኖቹ ነው። በእኛ ትራክተር ላይ ጀርባውን የሚነካው መወጠሪያው ብቻ ነው። የማጨጃው ክፍል ወርዶ መወጠሪያው በእጅ ሲዞር እየተንገጫገጨ፣ አሸዋ የገባበት ይመስል እያንቋረረ ነበር። ውስጡ ያለው ኩሽኔታ አልቋል። ሲቀዘቅዝ እንደ ምንም ይዞራል፤ ሲሞቅ ይነክሳል። ከፊት የሚገፋው ቺንጊያ የቆመ ብረት ላይ እየተፋተገ ያልፋል ማለት ነው። ዳገት ላይ የሚቆመው፣ ካረፈ በኋላ የሚነሣው፣ ሁለት አዲስ ቺንጊያ የተቃጠለው ሁሉ በዚህች ከመዳፍ በማትበልጥ ክፍል ምክንያት ነው።

ጥፋተኛው ቺንጊያው አልነበረም፤ ተበዳይ ነበር። የተበላውን ለውጦ የበላውን መተው ሦስተኛውን ቺንጊያ ለዚያው አፍ ማቅረብ ነው። እኔ በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪዎች እንዲይዙት የምመኘው ዕውቀት ይህ ነው፤ የተበላሸውን ከማየት አልፎ ያበላሸውን መፈለግ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል። በእጅ የተነካ ዕለት ግን ይለያል።

ሒሳቡ የት ነው?

«ሰዓቱ ለሒሳብ ይዋል» ለሚለው ሐሳብ መልሴ፣ ሰዓቱ ለሒሳብ ውሏል የሚል ነው። የፊተኛው ፑሌጃ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ዓይነት ሞተር በሙሉ ጋዝ በደቂቃ ወደ 3,600 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ማለት ነው። የፑሌጃው ዙሪያ 10 በ3.14 ሲባዛ 31.4 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በ60 ሲባዛ ቺንጊያው በሰከንድ ወደ 19 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት ሲመነዘር ወደ 68 ኪሎ ሜትር ነው። በኬንያ ከተሞች ውስጥ መኪና እንዲሄድ የሚፈቀደው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያስታወሰ ልጅ፣ ሞተሩ እየሠራ ጣቱን ወደዚያ ለምን እንደማያቀርብ ሌላ ምክር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ስሌት ደግሞ ኩሽኔታው ለምን ቀድሞ እንዳለቀ ያሳያል። የመወጠሪያው ወርድ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሹ መንኰራኵር ከትልቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት፤ 3,600 በ10 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል በደቂቃ 4,500 ዙር ይሆናል። ሞተሩ ራሱ የማይዞረውን ያህል ማለት ነው። አቧራና የሣር ብናኝ በሚበዛበት ከሆድ ሥር ሆኖ ይህን ያህል የሚሽከረከር ዕቃ በየወቅቱ መታየት እንዳለበት ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል። ክፍልፋይ ሲባል ፊቷን ታዞር የነበረች አንዲት ተማሪ ይህን ስሌት ጓደኞቿን ስታስረዳ አይቻለሁ።

ቁጥርን ማንበብም ተምረዋል። በኩሽኔታው ቀለበት ላይ 6203 የሚል ተቀርጿል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የመሀሉን ቀዳዳ ስፋት ይናገራሉ፤ 03 ማለት 17 ሚሊ ሜትር ነው። ከ04 ጀምሮ ደግሞ በ5 ማባዛት ብቻ ነው፤ 04 ከሆነ 20፣ 05 ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር። የዚህ ኩሽኔታ የውጭ ወርድ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ ይህን ቁጥር ስትጠሩ በልክ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የሚሰጣችሁ። ቺንጊያም የራሱ ቁጥር አለው። ለምሳሌ 4ኤል980 የሚል ቢጻፍበት፣ 4 ማለት ስፋቱ ከኢንች ስምንት እጅ አራቱ፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው፤ 980 ደግሞ የውጭ ዙሪያው 98 ኢንች መሆኑን ይነግራል።

የእኛ ቺንጊያ ቁጥሩ ተፍቆ ስለነበር አሮጌውን በሜትር ለክተን እንግዛ ያሉ ልጆች ነበሩ። አሮጌ ቺንጊያ ግን ተለጥጧል፤ እሱን ለክቶ የሚገዛ ረጅም ይገዛል። መልሱ ከመቀመጫው ሥር በተለጠፈችው ሳህን ላይ ነበር። ሳሙናና ጨርቅ ፈልጎ የትራክተሩን የሞዴል ቁጥር አንብቦ በዚያ መጠየቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩ የመኪና ቺንጊያ አውጥቶ «ይሄ ይሆናል» ሲላቸው ልጆቹ «አይሆንም፤ የእኛው ፍሪሲዮንም ነው» ብለው መመለሳቸውን አብሯቸው የሄደው መምህር ነግሮኛል። አውቆ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እንዲህ ይጠብቃል።

ሥራው እንዴት ተሠራ?

ማሽኑን ለማያውቁ ወላጆች ቅደም ተከተሉን በአጭሩ ልግለጽ፤ በተለይ ለደኅንነት የሚጨነቁት ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ትራክተሩ ሜዳ ቦታ ላይ ቆመ፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ተጠበቀ። ቁልፉ ተነቅሎ መምህሩ ኪስ ገባ። የካንዴላው ገመድ ተነቀለ፤ የባትሪው የኔጋቲቭ ገመድም ተፈታ። ጎማዎቹ በድንጋይ ተደገፉ። ምላጭ ያለበትን የማጨጃ ክፍል ያወረዱት መምህሩና አትክልተኛችን ብቻ ናቸው፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ከተሰመረው መስመር ወዲያ ቆመው ይመለከቱ ነበር።

ቺንጊያው ከመውጣቱ በፊት መንገዱ መመዝገብ ነበረበት። የትኛው ፑሌጃ በየት በኩል፣ በየትኛው የብረት መከለያ ውስጥ እንደሚያልፍ ካልታወቀ መልሶ ማስገባት ጭንቅ ነው። ብዙዎቹ በስልክ ፎቶ አነሡ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ግን በሆዷ ተኝታ በእርሳስ ሣለችው። በኋላ ሲታይ ፎቶዎቹ ጥላና ጭቃ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ሁሉም የተመለሰው ወደ እሷ ሥዕል ነው። ስልክ ፊቱ ያለውን ሁሉ ያነሣል። ሥዕል የሚሥል ሰው ግን መስመሩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ካልገባው እጁ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሥላ ስትጨርስ ገብቷት ነበር።

ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ተረግጦ በእጅ ፍሬኑ ተቆለፈ፤ ቺንጊያው ላላ። መከለያዎቹ ተፈቱ። ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ በተፈቱበት ተራ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ ተደረደሩ። ቺንጊያውን በካቻቢቴ እየፈነቀሉ ማስገባት ክልክል ነበር፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ የውስጡ ክር ይበጠስና ዕድሜው ያጥራል። ኩሽኔታውን ከመወጠሪያው ውስጥ አውጥቶ አዲሱን የገጠመልን በጁዋ ካሊ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ሌሎቹ ፑሌጃዎችም አንድ በአንድ በእጅ ተዞሩ፤ ድምፃቸው ተሰማ፤ የተወላገደ አለመኖሩ ታየ። አዲሱ ቺንጊያ ሲገባ ሥዕሉን የያዘችው ልጅ ትጠራለች፤ ሌሎቹ በጣታቸው ይከተላሉ። «ጀርባው በመወጠሪያው፣ ጎኑ በቦዩ፣ ከመከለያው ውስጥ፣ እንዳይጣመም።» በመጨረሻ ፔዳሉ ተረግጦ ትራክተሩ በእርግጥ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ተሞከረ። ቺንጊያው ካጠረ ፔዳሉ ተረግጦም ትራክተሩ መዳሁን አይተውም፤ ያ ደግሞ አደጋ ነው። ሞተሩን አስነሥተው የሞከሩት መምህሩ ናቸው። ሥራው ሦስት ዓርቦችን ወስዷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሁለቱ ቺንጊያዎች በችኮላ ነበር የተቃጠሉት።

ቋንቋውም በዚያው ነው

እዚህ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን አማርኛቸው የሰላምታና የምግብ ጠረጴዛ አማርኛ ሆኖ እንዳይቀር ሁላችንም እንሠጋለን። የአማርኛ መምህራኖቻችን የሚችሉትን ሁሉ ያደርጋሉ። ነገር ግን አንድ ቃል የሚያስፈልግበት ቦታ ከሌለ በቃል ተይዞ ከፈተና በኋላ ይረሳል። በዓርቡ ክበብ የሰማሁት አማርኛ ሌላ ነው። «አላላው፤ አይ፣ በጣም አትፍታው። ወጠር አድርጊው። አቅኑት። ይሄኛው ጠብቋል፤ ያኛው ይወላልቃል። ቀስ፣ ይነክሳል!» እነዚህ ግሦች በንባብ መጽሐፋችን ውስጥ አሉ። በክበቡ ውስጥ ግን አንዱ ካልተናገረ የሌላው ጣት ሊቆነጠጥ ይችላል፤ ስለዚህ ይናገራሉ፣ ያዳምጣሉም።

ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው የአማርኛ ተናጋሪ ጋራዦች የራሳቸው ያደረጓቸው ናቸው። አባቶቻችንና ታላላቆቻችን በእነዚህ ቃላት ሠርተው ቤተሰብ አስተዳድረዋል። እዚህ ደግሞ ልጆቹ ከአትክልተኛችን የስዋሂሊውን ተምረዋል። ኬንያዊው አትክልተኛችን ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ ተማሪዎቹ «ምዜ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ እርሳቸውም በየመሀሉ «ፖሌ ፖሌ» እያሉ ያረጋጓቸው ነበር። በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ «ፉንዲ» ይባላል፤ ማስተማር ደግሞ «ኩፉንዲሻ» ነው። ሁለቱ ቃላት ቤተ ዘመድ ናቸው። ሠሪውንና አስተማሪውን በአንድ ሥር የሚጠራ ሕዝብ መካከል እየኖርን ሁለቱን ለያይተን ማየታችን ይገርመኛል።

«ልጄን ለመካኒክነት አልላክሁም»

አንድ ወላጅ በስብሰባው ላይ በአክብሮት እንዲህ ብለዋል፤ «ልጄን የላክሁት ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ነው፤ ለመካኒክነት አይደለም።» አነጋገራቸው የብዙዎቻችንን ልብ የሚናገር ነው። በስደትም በሥራም ከአገር ወጥተን ለልጅ የምንከፍለው የትምህርት ቤት ክፍያ ቀላል አይደለም፤ ልጁ ከእኛ የተሻለ እንዲሆን መመኘትም ተገቢ ነው።

መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሐኪምም መሐንዲስም ሥራቸው ያው ጥያቄ ነው። ትኩሳቱን የሚያወርድ ሁሉ ሐኪም አይባልም፤ ትኩሳቱን ያመጣውን የሚያገኝ ነው ሐኪም። «ጀርባውን የሚነካው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ወደዚያ መንገድ ገብቷል።

ሁለተኛ፣ ለመካኒክነት ያለን ንቀት ከየት እንደመጣ ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አሮጌ ሸክም ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን በሠሩት ዕቃ እየተጠቀምን በስም ስንሰድባቸው ኖረናል። ነገሩ ዐፄ ምኒልክን ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል አድርሷቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ለቴክኒክ ትምህርት የተከፈተው ትምህርት ቤት «ተግባረ እድ» የተባለው በግእዝ የእጅ ሥራ ለማለት ነው፤ ስሙ በራሱ ሙያን ለማክበር የተሰጠ ይመስላል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ልጆቻችን ከእኛ የሚሰሙት ያንኑ ከሆነ ትምህርት ቤት የከፈትንበት ምክንያት ይጠፋል። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እጅ ካልታዘዘለት ግን ልብ ብቻውን ቡሎን አይፈታም።

የምንኖርባት ኬንያም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተሟግታለች። በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረው 8-4-4 የሚባለው ሥርዓተ ትምህርት ተግባራዊ ሙያን በትምህርት ቤት ለማስገባት ያለመ ነበር። አሁን በቦታው የገባው በብቃት ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ትምህርትም ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ቅድመ ቴክኒክ ትምህርትን አካትቷል። በዙሪያችን ያሉ ትምህርት ቤቶች ወደዚያ ሲሄዱ እኛ ያለንን ክበብ ብንዘጋ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ስለ ሰዓቱም በግልጽ ልናገር። ክበቡ የሚወስደው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ 80 ደቂቃ ነው። ማጠናከሪያ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች መኖራቸውን አልክድም። ለእነሱ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክፍልና መምህር ማዘጋጀት ይቻላል፤ ዕቅዱን በስብሰባው ላይ አቀርባለሁ። በሒሳብ የደከመውን ልጅ ደስ ከሚለው ብቸኛ ሰዓት አውጥቶ እንደገና ሒሳብ ላይ ማስቀመጥ ግን አንድ ጊዜ የተቃጠለውን ቺንጊያ ሁለተኛ መቀየር ነው። ልጁ ለምን እንደደከመ ሳይጠየቅ ሰዓት ቢጨመርለት ሰዓቱም ይቃጠላል።

ስለ አሮጌው ትራክተር

ትራክተሩን ለዘላለም እንያዘው አልልም። አሮጌ ዕቃ ሁሉ መጠበቅ አለበት የሚል እምነትም የለኝም። ሻንሲው ቢሰነጠቅ፣ የሞተሩ ብሎክ ቢፈነዳ፣ መለዋወጫው ከገበያ ቢጠፋ ወይም ለልጆቹ አደገኛ ቢሆን እኔው ራሴ ይሸጥ እላለሁ። አሁን ግን ሞተሩ ደህና ነው፤ ካምቢዮው ደህና ነው፤ የጎደለው አንድ ኩሽኔታና አንድ ቺንጊያ ነበር። የሁለቱ ዋጋ ከአዲስ ትራክተር ዋጋ አጠገብ የሚጠራ አይደለም። በኮንትራት የሚያሳጭድ ትምህርት ቤት በየወሩ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ወጥቶ በግቢው ውስጥ የሚቀር ዕውቀት ግን የለም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ልጆቹ ከእኛ የሚያዩት ነው። ያልሠራ ነገር ሁሉ የሚጣልበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ነገሮች ከሱቅ መጥተው ወደ ቆሻሻ የሚሄዱ ይመስለዋል። በመሀሉ የሚፈታ፣ የሚጸዳ፣ የሚገጠም ነገር እንዳለ ካላየ የገዛ ሥራውንም አንድ ጊዜ ከተበላሸ እንደተጣለ ይቆጥረዋል። የሰረዝነውን ድርሰት እንደገና ጻፍ ስንለው የሚያለቅሰው ልጅ ብዙ ነው። በክበቡ ውስጥ ያሉት ግን አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ፈትቶ መግጠም እንደሚያስፈልግ አይተዋል።

ለመጪው ዓመት የማቀርበው

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የዓርቡ ክበብ ይቀጥል፤ ወንዶችም ሴቶችም እኩል ይመዝገቡበት። ሁለተኛ፣ ለትራክተሩ የጥገና መዝገብ ይከፈት፤ ምን ዕቃ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቁጥር እንደተቀየረ፣ ለምን እንደተበላሸም ጭምር ተማሪዎች ይጻፉበት። «ለምን» የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ ሥራው እንዳላለቀ ይቆጠር። በየዝናቡ መግቢያ ላይ መወጠሪያው በእጅ እየተዞረ ይታይ። ሦስተኛ፣ ከወላጆች መካከል ጋራዥ የሚሠሩ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ፣ ዳቦ የሚጋግሩ ብዙ አላችሁ። በየተርሙ አንድ ዓርብ ብቻ መጥታችሁ ሙያችሁን በአማርኛ አሳዩን። ልጆቻችሁ በሌሎች ልጆች ፊት አባታቸው ወይም እናታቸው ሲያስተምሩ ማየታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አራተኛ፣ ከዚህ በላይ የጻፍሁት የደኅንነት ሥርዓት ተጽፎ በክበቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሚጎድል ነገር የታያችሁ ወላጆች ጨምሩበት።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። በመጪው ዓመት በፈተና፣ በጓደኝነት፣ በቤት ውስጥም የሚበላሽ ነገር አይጠፋም። ያን ጊዜ የተቃጠለውን ነገር ለመወርወር አትቸኩሉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና በየትኛው በኩል እንደተቃጠለ እዩት። የትኛው ጎኑ እንደከሰለ ካወቃችሁ ያከሰለውን ታገኙታላችሁ። ብቻችሁን ካልሆነላችሁ እኛ መምህራን ቢሯችን ክፍት ነው፤ ምዜም ከመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ አይጠፉም።

ወላጆች፣ በስብሰባው ላይ እንገናኝ። ለሁላችሁም መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።